ደክሞ የማያውቅ ከበሮ

የሰው ልጅ አስመሳይ ፍጡር ነው። ይህን የምለው ለመስደብ አይደለም፤ እኔም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ደስ ያላት እየመሰልሁ፣ በልቤ ግን ቤቴ ያለውን ያልጨረስሁትን መጽሐፍ እያሰብሁ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ማስመሰል የሚባለው ሙያ እስከዚህ ይራቀቃል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቻችን ጎረምሶች በነበሩበት ዘመን፣ በሩቅ አገር ያሉ ብልሆች ከበሮ መቺ ላጣ ሙዚቀኛ ብለው ራሱ ከበሮ የሚመታ ሳጥን ሠሩ። ሳጥኑ ከበሮ ለመምሰል ሞከረ። አልመሰለም። "ዱም" ማለት ሲገባው "ቡው" አለ፤ እንደ ጸናጽል መንሿሿት ሲገባው የጋለ ዘይት ላይ እንደ ወደቀ ጠብታ "ጭስ" አለ። የገዛው ተናደደ፤ የሠራውም መሥራቱን ተወ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዓመታት አለፉና ያ ከበሮ መምሰል ያቃተው ድምፅ ባለመምሰሉ ተወደደ። አሮጌዎቹ ሳጥኖች እንደ ቅርስ ይፈለጉ ጀመር፤ ቅርስ ሲወደድ የሚሆነው ደግሞ ይታወቃል፤ አንዱ ይነሣና አስመስሎ ይሠራል። ቁልፍ በቁልፍ፣ ጉድለት በጉድለት፣ ዋጋው ግን እንደኛ ላለው ሰው የሚቀመስ።

ልብ በሉ እንግዲህ። ከበሮን መምሰል ያቃተውን ዕቃ ለመምሰል ሞክሮ የተሳካለት ዕቃ ማለት ነው።

ይህ ዕቃ ዞሮ ዞሮ ፍኖተ ሰላም ገባ። ፍኖተ ሰላም ገብቶም አልቀረም፤ እኛ ቤት ገባ። ያስገባው የአክስቴ ልጅ ሀብታሙ ነው። ሀብታሙ በየሠርጉ ኪቦርድ እየተጫወተ ይዘፍናል፤ መላኩ የሚባል ጓደኛው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ከበሮ ይመታል፤ ይመታ ነበር ማለቴ ነው። መላኩ ቡሬ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ኩንታል ጫኝ ሆኖ ተቀጠረና የእኅቴ የእመቤት መልስ በሚውልበት እሑድ ተረኛ ሆነ። የሙሽራው ወገን ከቡሬ በአይሱዙ ተጭኖ ሊመጣ ነው፤ እኛ ከበሮ መቺ የለንም። ሀብታሙም አዲስ አበባ ያለ ጓደኛውን ለመነና ሳጥኑን አስገዝቶ በአውቶቡስ አስላከ።

"አናሎግ ነው" አለን፣ ከካርቶኑ እያወጣ።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ድምፁ የተቀዳ አይደለም አክስቴ። ስትነኪው ጊዜ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው የሚሠራው።"

እናቴ አልገባትም። እኔ ገብቼ "በጠርሙስ ታሽጎ እንደሚመጣው ሳይሆን እንደ ቤት ጠላ ማለት ነው" አልኋት። ይኸኛው ገባት፤ ሳጥኑንም ከዚያ በኋላ በአክብሮት ታየው ጀመር።

ሳጥኑ ደህና መዝገበ ቃላት ያህላል። ከታች በኩል በረድፍ የተደረደሩ ዐሥራ ስድስት ቁልፎች አሉት፤ ከላይ ብዙ ትንንሽ ማዞሪያዎች። አብሮት አንድ መመሪያ ነበር፣ ፊደሉ ከጤፍ የሚያንስ። ሀብታሙ መመሪያውን ሳይገልጠው ወደ እኔ ወረወረው። "አንች ማንበብ ትወጃለሽ" አለ። ልክ ነው፤ ዕቃ ሲገዛ ከዕቃው ይልቅ መመሪያው የሚያጓጓት ሰው እኔ ነኝ። እሱ ግን መጽሐፉን ሳያይ ዐሥራ ስድስቱንም ቁልፍ አስነክቶ አስጀመረው። እመቤት ልትሞክረው ተነሣች። ምስኪን እኅቴ ትከሻዋን አንድ ሁለቴ ሰበቀች፤ ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ወርዶ የሚያርፍበት ምት አጣ። ጉድጓድ መኖሩን ሳያውቅ እንደ ረገጠ ሰው ሆነች። የኛ ችክችካ ዐሥራ ሁለት ቦታ ነው የሚፈልገው፤ የተረፉት አራቱ የሌላ አገር ሰው ትከሻ ናቸው። እንዴት እንደሚቀነሱ መመሪያው መሀል አካባቢ ተጽፎ አገኘሁ። ቀነስሁ። እመቤት ደገመችው፤ ትከሻዋም ቤቱን አገኘ።

በዚህ ምክንያት የሳጥኑ ኃላፊ ተባልሁ። እውነቱን ለናንተ ልናገር፤ ሹመቱን የወደድሁት ለሙዚቃው ስል አይደለም። እንደምታውቁት መልስ ላይ የሙሽራ እኅት ሆኖ ተቀምጦ መዋል አይቻልም። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ እጅሽን ይዘው መሀል ያወጡሻል፤ እምቢ ካልሽ ኩራት ነው፣ ከወጣሽ መከራ ነው። መሣሪያ የያዘን ሰው ግን ማንም አይጎትትም። ከሳጥኑ ኋላ ያለችው በርጩማ በዚያ ዳስ ውስጥ ለኔ የተሠራች የመጨረሻዋ ምሽግ ነበረች።

እሑድ ከቀትር በኋላ የሙሽራው ወገን እየዘፈነ ገባ። የሙሽራው አባት አቶ ቢያድግልኝ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚያርሱ፣ ዘራቸው ከአዊ የሆነ፣ እኛ እንዳንሰማ ሲፈልጉ ከባለቤታቸው ጋር በአዊኛ የሚነጋገሩ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በዱላ ነው የሚሄዱት። በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ወደኔ ጥግ መጥተው ሳጥኑን አጎንብሰው አዩት። እኔም መናገር ስለሚያስፈራኝ በሥራ ላስረዳቸው ብዬ ድምፆቹን አንድ በአንድ አሰማኋቸው።

"ይኸኛው ምንድን ነው?"

"የላም ቃጭል ነው ጌታዬ።"

ትንሽ አሰቡ። "ላሚቱ ታማለች?"

የጭብጨባውን ቁልፍ ነካሁላቸው። ሳጥኑ አጨበጨበ።

"ራሱ መትቶ ራሱ ያጨበጭባል?"

"አዎ።"

"እንዲህ ያለ ስብሰባስ እኛም ቀበሌ አለ" ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ጭፈራው ተጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ፍጥነት የሚጨምረውን ማዞሪያ በሁለት ጣቴ ይዤ የሰዉን ትከሻ እከተል ጀመር። ዕድሜ ልኬን ከጥግ ሆኜ ሰው ሲጨፍር ያየሁ ስለሆንሁ ማን መቼ እንደሚሞቀው አውቃለሁ። ማዞሪያውን የፀጉር ያህል ስነካው ዳሱ በሙሉ ይፈጥናል፤ መለስ ሳደርገው ዳሱ በሙሉ ይተነፍሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ "ይህች ልጅ ምነው አፍ የላት" ሲሉኝ የኖሩት አክስቶቼ ሁሉ በሌባ ጣቴና በአውራ ጣቴ መሀል ገቡ። ዓይን አፋር ሰው ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚሆን ያን ቀን ገባኝ። ባይሾሙን ይሻላል።

ይኼኔ ነው አቶ ቢያድግልኝ ዱላቸውን የዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቅለው የተነሡት።

እዚህ ላይ ላገሬ ሰው የማይነገር፣ ለሩቅ ሰው ግን መነገር ያለበት ሕግ አለ። እንግዳ ብቻውን አይጨፍርም፤ ስለዚህ አባቴ ተነሣ። ባለቤት እንግዳውን መሀል ላይ ትቶ አይቀመጥም፤ ስለዚህ አባቴ መቀመጥ አይችልም። እንግዳም ከባለቤቱ ቀድሞ ከተቀመጠ "ድግሳችሁ አልሞቀኝም" እንደማለት ነው፤ ስለዚህ አቶ ቢያድግልኝም መቀመጥ አይችሉም። የቀረው ሰው ለሁለቱ አባቶች ቦታ ለቆ ዙሪያውን ከበበ። አባቴ ደም ግፊት አለበት። ሐኪሙ ዳገት እንኳ አረፍ እያልህ ውጣ ብሎታል። ደም ግፊትና የታመመ ጉልበት ፊት ለፊት ቆመው፣ እየተሳሳቁ፣ ትከሻ ለትከሻ ተያያዙት።

አንድ ዘፈን አለቀ። ሀብታሙ ሌላ ቀጠለ፤ ምክንያቱም ሳጥኑ አልቆመም፤ ሳጥኑ ያልቆመውም እኔ ስላላቆምሁት ነው፤ እኔ ያላቆምሁትም አባቶች ስላልተቀመጡ ነው። ይህን ክብ ማን ይሰብረዋል? ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ይገባል። ትሕትናን ግን ማን ይገላግላል?

ዙሪያውን የቆመው ሰው ደግሞ ትሕትናውን ፉክክር አደረገው። የቡሬ ወገን "ያዘው ቢያድግልኝ፣ ያዘው" ይላል፤ የኛ ወገን "የት አባቱ፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ" እያለ ያጨበጭባል። የአባቴ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ከንፈሩ ይስቃል፤ ዓይኑ አይስቅም። አቶ ቢያድግልኝ በታመመው እግራቸው መርገጥ ትተው በደህናው ብቻ ይነጥሩ ጀመር፤ ሰዉ አዲስ ስልት መሰለውና እልል አለ።

እናቴ ሰው እየገፋች ወደኔ መጣች።

"አንች ልጅ" አለችኝ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "አባትሽን ልትገድይው ነው?"

"እኔ ምን አደረግሁ?"

"አጥፊው።"

"አሁን ባጠፋው ለአባቷ አዝና ነው ይላሉ። የሙሽሪት ወገን ተሸነፈ ይላሉ።"

እውነት መሆኑን ታውቃለች። እሷም ብትሆን ሄዳ እጁን ይዛ ልታስቀምጠው ትችል ነበር፤ ግን ባሏን በአማቶቹ ፊት ጎትታ ያስቀመጠች ሴት ተብላ ከዚያ በኋላ ቡሬን በየት በኩል ታልፈው? መብራቱን ቀና ብላ አየችው። እኔም አየሁት። ሁሌ ሠርግ ሲሞቅ ድርግም የሚለው መብራት ያን ቀን እንደ ጻድቅ ፊት ያበራል።

ብልሃት መጣልኝ። በድንገት ባላቆመውም ቀስ በቀስ ላቀዝቅዘው አልሁ። ማንም እንዳያውቅብኝ ማዞሪያውን በጥቂት በጥቂቱ መለስሁት። ችክችካው ረጋ አለ፤ ከዚያም አዘገመ፤ ከዚያም ውኃ እንደምትጎትት አህያ ሆነ። ይደክማሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ይቀመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ምን ሆኑ መሰላችሁ? አረፉ። ቆመው አረፉ። አባቴ ትንፋሹ ተመለሰለት፤ አቶ ቢያድግልኝም በሁለቱም እግራቸው ቆመው ትከሻቸውን እንደ ጠገበ በሬ ያወዛውዙ ጀመር። "አሁን ገና ገባልኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። በዚህ አያያዛቸው እስከ ማታ ሊሄዱ ነው። ሰዉ ደግሞ ቀዝቅዞ አይቆይም፤ "ጨምሪ፣ ጨምሪ" አለኝ፤ ሀብታሙም ዞሮ አፈጠጠብኝ። ጨመርሁ። ያረፉት ሰዎች በአዲስ ጉልበት ተነሡ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር የሚለውን ተረት የተናገረ ሰው ሳጥን ይዞ መሆን አለበት።

አባቴ ደረቱን በእጁ ነካ አደረገ። እንደ ስልት አስመስሎ ነው የነካው። እኔ ግን አየሁ።

የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ኪዳን ከኔ በርጩማ ብዙም ሳይርቁ፣ ብርሌ ይዘው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ "አባ፣ ይባርኩልንና ያብቃ" አልኋቸው።

"እኔ ከባረክሁ እኮ ድግሱ ተፈታ ማለት ነው ልጄ። ጠላው ገና መሆኑን እናትሽ ነግራኛለች።"

"አባቴ ደክሞታል አባ።"

"አዎ። ሁለቱም ደክሟቸዋል።" ጥቂት ተጎነጩ። "ድሮ እንዲህ ሲሆን ከበሮ የያዘው ሰው ነበር የሚደክም።"

"ይኼ ማሽን ነው አባ። አይደክምም።"

"አንችስ?" አሉኝ።

ያኔ ነው መላኩ ትዝ ያለኝ። ስንት ሠርግ ላይ አይቼዋለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች መሀል ገብተው ጭፈራው ሲከር፣ መላኩ ድንገት ከበሮውን ያወርድና እጁን እያራገፈ "ኧረ ዛልሁ፣ ማሩኝ" ይላል። ሰዉ ይስቅበታል፤ ሽማግሌዎቹም "ምን ዓይነት ከበሮ መቺ ነው" እያሉ፣ እያጉረመረሙ፣ እኩል ይቀመጣሉ። እኔም ሁሌ ክንዱ ደካማ ነው ብዬ አዝንለት ነበር። ኩንታል ጭኖ የሚውል ሰው ከበሮ ሲይዝ ብቻ እንዴት እንደሚደክመው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለካ የከበሮ መቺ ዋናው ሥራ መምታቱ አይደለም፤ በሰዓቱ ደክሞ ሐፍረቱን መውሰዱ ነው። ለእንግዳም ለባለቤትም የማይቻለው ነገር፣ መሸነፍ፣ ለሱ ተትቶለታል። ሀብታሙ ደግሞ ለዚያ ቦታ በጭራሽ የማይደክም ዕቃ ነው ያመጣልን።

እንግዲህ ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነው። ተነሥቶ "ደከመኝ" ማለት ነው። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስሜ ሲጠራ "አለሁ" ማለት አሳፍሮኝ ቀሪ የተባልሁ ልጅ ነኝ። ዳሱ ሙሉ ነው። የእኅቴ አማቶች፣ ሚዜዎቹ፣ ጎረቤቱ፣ በአጥር የሚያየው ሳይቀር። እንደ ምሽግ የያዝኋት በርጩማ ላይ ሆኜ አባቴን አየሁት። አሁን ከንፈሩም መሳቁን ትቷል።

ቁልፉን ተጫንሁት።

ሳጥኑ ዝም አለ። ሀብታሙ ጥቂት ኪቦርዱን ብቻውን ቀጠለና እሱም ቆመ። ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ተነሣሁ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አልሁ። "ደከመኝ።"

"ምን አለች?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ደከመኝ" አልሁ ጮክ ብዬ።

"ምንሽን?" አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። እጄን አየሁት። "ጣቴን" አልሁ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። አንዷ አክስቴ "ጣቷን የሚደክማትን ልጅ ማን ያገባልናል እንግዲህ" ስትል ሰማኋት። አቶ ቢያድግልኝ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ገና ሲሞቀን" አሉ፣ "ገና ሳንጀምረው።" አባቴም "እኔ ልጄን ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርሁት ቁልፍ መጫን እንዲያቅታት ኖሯል?" አለ። "የዛሬ ልጆች" አሉ አቶ ቢያድግልኝ። "የዛሬ ልጆች" አለ አባቴ። ሁለቱም እየተቆጡኝ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እኩል ተቀመጡ። አቀማመጣቸው ግን የተቆጣ ሰው አቀማመጥ አልነበረም። ጭነት የወረደለት ሰው አቀማመጥ ነበር። ወዲያው ሁለቱም ውኃ ጠየቁ። አባ ገብረ ኪዳን ብርሌያቸውን ተመለከቱ እንጂ እኔን አላዩኝም።

እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። ያን ሳምንት ገበያ ስወጣ "ጣትሽ ተሻለሽ?" የማይለኝ አልነበረም። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ይጠይቀኛል። ሀብታሙም ተቆጥቶኝ ሰነበተ፤ ሙዚቃውን ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የቆረጥሽብኝ ይላል። ዓይን አፋር ሰው ዝናን ሲያገኝ እንዲህ ባለው መንገድ ነው የሚያገኘው፤ ምን ይደረጋል። እኔም ራሴን ሳጽናና ሰነበትሁ፤ ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች የድሮውን ጉድለት ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ መልሰዋል፤ አንዲት ጉድለት፣ መድከም፣ ብትቀርባቸው ምን ይገርማል አልሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። አቶ ቢያድግልኝ ናቸው።

"አንች ልጅ፣ ደኅና ነሽ? ቤተሰብ፣ ከብቱ፣ ሁሉ ደኅና?"

"ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"አለ፤ እኔን ጥሎ የት ይሄዳል። የወንድሜን ልጅ ልንድር ነው። ሀብታሙን አነጋግሬዋለሁ፣ ሳጥኑን ይዞ ይመጣል። አንችም ትመጫለሽ።"

"እኔ እንኳ ባልመጣ ሀብታሙ አሁን ብቻውን ያስነካዋል፤ አሳይቼዋለሁ።"

"ሀብታሙ ጎበዝ ልጅ ነው" አሉ። "ግን አይደክመውም።"

"እሽ" አልሁ፣ "እመጣለሁ።"

"ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አባትሽ እንዳይሰማ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያን ቀን ዘግይተሽ ነው የደከምሽ። የአሁኑን ቀደም አድርጊው።"

ስልኩን ዘግቼ ዘወር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

"ማን ነው?"

"አቶ ቢያድግልኝ ናቸው። ቡሬ ሠርግ ጠርተውናል።"

"እኔንም?"

"አንተንማ በተለይ።"

ደረቱን እያሻሸ ወደ ውጭ አየ። "አንችስ ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ።"

እፎይ አለ።